ለጓሳ ንጋት የሚሆን የሱፍ ልብስ አመራረጥ

መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ደጋ ላይ ብርዱ የሚይዛችሁ ስትሄዱ አይደለም። ስትቀመጡ ነው።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከሰፈር ተነስታችሁ ሽቅብ ትወጣላችሁ። ሻንጣው ይከብዳል፣ አየሩ ስስ ነው፣ ጀርባችሁን ያልባችኋል። ከዚያ አንድ ድንጋይ ተጠግታችሁ ቀይ ቀበሮ ለአይጥ አደን እስኪወጣ ትጠብቃላችሁ። ጭላዳዎቹም ከገደሉ ገና አልወጡም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ያ ላብ ጀርባችሁ ላይ ውኃ ይሆናል። ብርድ ማለት ያን ጊዜ ነው።

እኔ መጀመሪያ የወጣሁ ጊዜ ጋቢ ደርቤ ነበር። ጋቢ ቤት ውስጥ ምን የመሰለ ነገር ነው። ግን ጥጥ ነው። ላቤንም ጤዛውንም ጠጥቶ፣ ጎህ ሲቀድ ጫፉ ውርጭ ይዞ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ አገኘሁት። አጠገቤ የነበረው እረኛ ግን አሮጌ ባና (የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ) ተከናንቦ ጥርሱን እየፋቀ ያየኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሱፍ መጠየቅ አላቆምኩም።

ቀዝቃዛ አገር ያሉ አዳኞች እስከ ዛሬ ሱፍ የሚለብሱት በዚሁ ምክንያት ነው። ሽቅብ ይወጣሉ፣ ያልባቸዋል፣ ከዚያ ለሰዓታት ድምፅ ሳያሰሙ ይቀመጣሉ። እኛ ጓሳ የምንወጣው ለማደን አይደለም፤ ቀይ ቀበሮ በሕግ የተጠበቀ እንስሳ ነው። አቀማመጣችን ግን ያው የአዳኝ አቀማመጥ ነው። ስለዚህ ልብሱን በአዳኝ መስፈርት እንምረጠው፦ እርጥብ ሆኖም የሚያሞቅ፣ ሲነካ የማይንኮሻኮሽ፣ እሾህና ድንጋይ ቶሎ የማይጨርሰው።

መጀመሪያ ብርዱን እወቁት

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። እና ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊቱ 5 ዲግሪ ከሆነ፣ ጓሳ ላይ ወደ ዜሮ ተጠግታችኋል ማለት ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ውርጭ የሚመጣው በእንዲህ ያለው ጥርት ያለ ሌሊት ነው።

ግን ያው ቀን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ስለዚህ አንድ እጅግ ወፍራም ልብስ ከመግዛት፣ እየተደረበ የሚወልቅ ሦስት ልብስ ይሻላል።

«ሱፍ» የሚለውን ቃል አትመኑ

እኛ አገር «ሱፍ» ስንል ኮትና ሱሪ ማለታችን ነው። «ሱፍ ለብሶ መጣ» ሲባል በግ ትዝ የሚለው የለም። ዛሬ «ሱፍ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ሙሉ ልብስ ፖሊስተር የሚባል ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፣ ወይም ፖሊስተርና ቪስኮስ የተቀላቀለበት። ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ሲላችሁ ሁልጊዜ እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ ስለ ኮትና ሱሪው እያወራ ይሆናል። እናንተ ግን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «የበግ ጠጉር ነው ወይ?»

ቀጥሎ ውስጡ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ግራ ጎን ስፌት ላይ ናት። ሰልባጅ ተራ የሚገኘው ልብስ ከየአገሩ ስለሚመጣ ቋንቋው ይለያያል። በእንግሊዝኛ «ዉል» (wool)፣ በጣሊያንኛ «ላና» (lana)፣ በፈረንሳይኛ «ሌን» (laine)፣ በጀርመንኛ «ቮለ» (Wolle) የሚል ካያችሁ ሁሉም የበግ ጠጉር ማለት ነው። ጀርመኖቹ «ሹርቮለ» (Schurwolle) ብለው ከጻፉ ደግሞ ከበግ በቀጥታ የተሸለተ፣ ከአሮጌ ልብስ ያልተፈታ ጠጉር ነው። ይሄኛው ይበልጥ ይበረታል። ከአሮጌ ልብስ ተፈትቶ እንደገና የተፈተለ ሱፍ ጠጉሩ አጭር ስለሚሆን ቶሎ ይሳሳል። እንደ ክር ድውር የተጠማዘዘች ምልክት ካያችሁ ዉልማርክ የምትባለዋ ናት። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንጹሕ ሱፍ ላይ ስትለጠፍ ኖራለች።

በመቶኛው ላይ የእኔ አቋም ይሄ ነው። ለላይኛው ልብስ ሱፉ ከ80 በመቶ አይነስ። ቀሪው 20 ናይለን ቢሆን ቅር አይበላችሁ፤ እንዲያውም ያጠነክረዋል። ካልሲ ላይማ ናይለን የግድ ነው ማለት ይቻላል፣ ያለሱ ተረከዙ ቶሎ ያልቃል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ካለበት ግን ተዉት። በእጅ ሲነካ ሱፍ ይመስላል፣ ለስላሳ ነው፣ ርካሽም ነው። እርጥበት ግን አይጠጣም፤ ላባችሁ እላያችሁ ላይ ይቀራል። ካሽሜር የሚባለው የፍየል ጠጉር ደግሞ ለቢሮ እንጂ ለቁጥቋጦ አይሆንም። ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ ግን አንድ እሾህ ይበቃዋል።

ምልክቷ ተቆርጣ ከሆነ እሳት ይነግራችኋል

ሰልባጅ ልብስ ላይ ብዙ ጊዜ ምልክቷ የለችም። ያኔ ክር መዛችሁ አቃጥሉ። ግን ሻጩን አስፈቅዱ፤ የሰው ዕቃ ነው። ክሩን ከውስጥ ስፌት ትርፍ ላይ ምዘዙ። የሰፉበት ክር ራሱ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ስለሆነ እሱን አትውሰዱ፤ የጨርቁን ክር ነው የምትፈልጉት። በወረንጦ ያዙት፣ ከስሩ የጣሳ ክዳን አድርጉ፣ ክብሪት ለኩሱ።

የበግ ጠጉር ከሆነ እሳቱን ይሸሻል፣ ይጠቀለላል፣ ቀስ ብሎ ይነዳል። እሳቱን ስታርቁት ራሱ ይጠፋል። ሽታው የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ነው። ጠቦት ሲታረድ እግሩና ጭንቅላቱ እሳት ላይ ሲለበለብ ያለውን ሽታ አስታውሱ፣ ያው ነው። የቀረውን ጥቁር ነገር በጣታችሁ ስትጫኑት እንደ ከሰል ዱቄት ይሆናል።

ፖሊስተር ግን ይቀልጣል። ጫፉ ላይ እንደ ዶቃ ያለች ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሠራል፣ በጣት አይፈጭም። ገና ትኩስ ሳለ አትንኩት፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ቦግ ብሎ ይነድና ግራጫ አመድ ይተዋል። ፀጉር ፀጉር እየሸተተ ዶቃም ከሠራ፣ ቅልቅል ነው።

ይሄን ሙከራ ዘግይቼ ነው የተማርኩት። «መቶ በመቶ ሱፍ» ብለው የሸጡኝን ካፖርት ለብሼ እሳት ዳር ተቀምጬ ነበር። አንዲት ፍም ብቻ ዘላ እጅጌዬ ላይ አረፈች። ወዲያው አራገፍኳት። ቀዳዳዋ ግን ዙሪያዋ ጠጣር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ፕላስቲክ ከንፈር ነበር። እዚያው ገባኝ። እውነተኛ ሱፍ ላይ ያቺ ፍም ጥቁር ነጥብ ትታ ትሄድ ነበር። ሌሊት እሳት ከበው ለሚያድሩ ሰዎች ይሄ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ጥንካሬውን በእጃችሁ ለኩ

ሱፍ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ጥያቄው ስንት ዓመት ያገለግላል የሚለው ነው። አራት ነገር አድርጉ።

ጨርቁን ወደ ፀሐይ አንሡት። ብርሃኑ በነጠብጣብ ካለፈ ሽመናው ሳስቷል፤ ንፋስም በዚያው ያልፋል። ክርን፣ ብብትና መቀመጫውን ለይታችሁ ተመልከቱ። ሰልባጅ ልብስ ቀድሞ የሚያረጀው እዚያ ነው።

በሁለት እጃችሁ አውራ ጣት ጨርቁን ወደ ግራና ቀኝ ግፉት። ክሮቹ ተንሸራትተው ክፍተት ከፈጠሩ ተዉት።

ጨርቁን በጡጫ ጨብጣችሁ እስከ ሠላሳ ቁጠሩ፣ ከዚያ ልቀቁት። ጥሩ ሱፍ ወዲያው ይነሳል፣ መጨማደዱም ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። የሱፍ ጠጉር በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ነው፤ በጥምዝምዙ መሃል የሚይዘው አየር ነው የሚያሞቃችሁ። ተጨማድዶ ከቀረ ያ ጥምዝምዝ አልቋል፣ ወይም መጀመሪያም አልነበረም።

በመጨረሻ ጨርቁን በጥፍራችሁ ቧጠጡና ጆሯችሁን አቅርቡ። የላስቲክ ጃኬት «ቸር ቸር» ይላል። ሱፍ ዝም ይላል። ጓሳው ሣር ውስጥ ቀበሮ ስትጠብቁ ይሄ ዝምታ ትልቅ ነገር ነው። እኔ አንድ ጊዜ ክንዴን ለማንሳት ብዬ በጃኬቴ ድምፅ ብቻ ሙሉ ንጋት አበላሽቻለሁ።

ከሥጋ ጋር የሚገናኘው

እዚህ ላይ የአገራችን ጠጉር አይሆንም። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው። ሳይንሱ ቀላል ነው፦ ከ30 ማይክሮን በላይ የሚወፍር ጠጉር ጫፉ ሳይተጣጠፍ ቆዳን ይወጋል። ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ሜሪኖ የሚባለው የበግ ዝርያ ጠጉር ብዙውን ጊዜ ከ24 ማይክሮን በታች ስለሆነ አያሳክክም። ስለዚህ ለውስጥ ስስ የሜሪኖ ካናቴራ ፈልጉ። በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ግራም የሚመዝነው ይበቃል። ሰልባጅ ውስጥ ሲገኝ ሰዎች ስስ ሹራብ እየመሰላቸው ያልፉታል፤ እናንተ አትለፉት።

ሱፍ ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ውስጡ ይዞ እንኳን ሲነካ እርጥብ አይመስልም። እርጥበቱን ሲጠጣም ጥቂት ሙቀት ይሰጣል። ያ ሽቅቡ ላይ ያላባችሁት ላብ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ሜሪኖ ካጣችሁ ስስ ሰው ሠራሽ ካናቴራ ልበሱ። የጥጥ ካናቴራ ግን ቤት ይቅር።

መሃሉ

ሹራብ ነው። ረጅም አላወራበትም። አንገቱ ከፍ ያለ፣ ወገብ የሚሸፍን፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ይሁን። ፊቱ ላይ ኳስ ኳስ የሠራ ጠጉር ከበዛበት ክሩ ልል ነው ማለት ነው።

የላይኛው፦ ባናና በርኖስ

አሁን ወደ ቤታችን መጣን። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለላይ የሚሆን ሱፍ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለባችሁም። የመንዝ በግ ለሥጋው ብቻ የሚረባ አይደለም፤ ጠጉሩ ተሸልቶ፣ ተፈትሎ፣ ባና ይሆናል፣ ዝተት ይሆናል፣ በርኖስ የሚባለው ካባ ይሆናል። ያ ለገላ የማይመች ሻካራነት ላይኛው ልብስ ላይ ሲወጣ ጉልበት ይሆናል። ወፍራም ጠጉር እሾህ አይቀደውም፣ ፍትጊያ ቶሎ አይጨርሰውም። ጥቁሩና ቡኒው ደግሞ ብዙ ጊዜ የበጉ የራሱ ቀለም ነው። ካልተነከረ አይለቅም፤ ከድንጋዩና ከደረቁ ሣር ጋርም ይመሳሰላል።

ባና ስትገዙ መጀመሪያ አሽቱት። ትንሽ የበግ ቅባት ሽታ ካለው ጥሩ ነው። ያ ቅባት ነው ጤዛውን ቶሎ የማያስገባው። ጥርት ብሎ የታጠበና የደረቀ ሽታ ያለው ባና ውኃ ቶሎ ይጠጣል።

ቀጥሎ መጠጠሩን እዩ። የሱፍ ጠጉር ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ነው። በውኃና በሙቀት ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ጨርቁም ይጠጥራል፣ ይጠብባል። በደንብ የጠጠረ ባና ላይ የሽመናው መስመር በግልጽ አይታይም። የመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ገበያ ላይ አንዲት እናት ባናቸውን ዘርግተው ሌባ ጣቴን ያዙና ጨርቁ ላይ ተከሏት። «በዚህ ጣትህ ካለፈ አትግዛው ልጄ» አሉኝ። አላለፈም። ገዛሁት፣ አሁንም አለኝ።

ሚዛን ካገኛችሁ መዝኑት። ርዝመቱን በወርዱ አባዙ፣ ክብደቱን ለዚያ አካፍሉ። 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነ ባና 3 ካሬ ሜትር ነው። 2 ኪሎ ከመዘነ በካሬ ሜትር 670 ግራም ገደማ ይመጣል። ይሄ ለላይኛው ልብስ ጥሩ ነው። ከ500 በታች ከሆነ ለንፋስ ይሳሳል። ከ900 በላይ ከሆነ ይሞቃል፣ ግን ዳገት ላይ ታዝኑበታላችሁ።

ባናውን ተከናንቦ መሄድ ይቻላል፣ እረኞቹ እንደሚያደርጉት። ካሜራ ወይም መነጽር የምትይዙ ከሆነ ግን እጃችሁ ነፃ መሆን አለበት። ወደ ልብስ ሰፊ ውሰዱትና ካፖርት አሠሩት። ከመሄዳችሁ በፊት ይሄን ልብ በሉ፦

ጨርቁ ሳይቆረጥ ይነከር። ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ፣ ሳትጠመዝዙ ጥላ ላይ አድርቁት። መኮማተር ካለበት አሁን ይኮማተር። እኔ ይሄን ዘልዬ መጀመሪያ ያሠራሁት ካፖርት ከአንድ ዝናብ በኋላ እጅጌው ከእጅ አንጓዬ በላይ ሆኖ ቀረ።

ቁመቱ መቀመጫችሁን ይሸፍን። ድንጋይ ላይ ስትቀመጡ ከሥራችሁ የሚነጠፈው እሱ ነው። ልክ ስትለኩ ሹራቡን ለብሳችሁ ተለኩ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ፊት ቁጢጥ በሉ፣ ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ። ጀርባው ከተወጠረ ወይም ወገቡ ከተገለጠ ይስፋ።

አንገቱና ትከሻው ገበር ይግባበት። አሮጌ አንሶላም ይሆናል፣ ማሳከኩን ያስቀራል። ክርኑ ድርብ ይሁን። ዚፕ አታስገቡ፤ ይጮሃል፣ በጓንት አይያዝም፣ ሲበላሽም እዚያ ተራራ ላይ መላ የለውም። ትልልቅ የቀንድ ወይም የእንጨት ቁልፍ ይሻላል። ኪሱ ክዳን ይኑረው።

በርኖስስ? በርኖስ ክብር ያለው ልብስ ነው። ቁጭ ላለ ሰው ከሱ የሚበልጥ አላየሁም። ግን ሰፊ ስለሆነ ቁጥቋጦ ይይዘዋል፣ ንፋስ ያነሳዋል። ፈረስ ላይ ለሚሄድ ወይም አንድ ቦታ ለሚያድር ምረጡት። አባታችሁ ወይም አያታችሁ የተዉት ካለ ደግሞ እባካችሁ ቆርጣችሁ ካፖርት አታድርጉት።

ሱሪ፣ እግር፣ ራስ፣ እጅ

ለሱሪ ወፍራም የወታደር ሱፍ ሱሪ ሰልባጅ ውስጥ ካገኛችሁ ሳትከራከሩ ውሰዱት። እግሩን ከቁርጭምጭሚት በላይ አሳጥሩት፤ ጤዛ ያለበት ሣር ላይ የሚጎተት ሱሪ እስከ ጉልበት ይረጥባል።

ካልሲ ሁለት ጥንድ ያዙ። አንዱን ለብሳችሁ ውጡ፣ ስትቀመጡ በደረቁ ቀይሩ። ይሄ ብቻውን ግማሽ ብርዱን ያስቀርላችኋል። ጫማችሁ ሁለት ካልሲ ለመደረብ ጠባብ ከሆነ አትደርቡ፣ ደሙ ካልተዘዋወረ እግር አይሞቅም።

የሱፍ ቆብ ጆሮ የሚሸፍን ይሁን። ጓንት ጣቱ የተቆረጠ ከላይ ደግሞ የሚደረብ ወፍራም ይኑራችሁ።

ዝናብን በተመለከተ እውነቱን ልንገራችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሱፍ ብቻውን አይበቃም። ባና ሲጠግብ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈልጋል። ያን ጊዜ ከላይ የዝናብ ልብስ ድረቡ። ውርጩ ወራት ላይ ግን አያስፈልጋችሁም።

እጥበትና አቀማመጥ

ሱፍን የሚገድለው አጠባው ነው። ከጉዞ ስትመለሱ አራግፉት፣ ጥላና ንፋስ ያለበት ቦታ ስቀሉት፣ በቃ። ሱፍ ሽታ ቶሎ አይዝም። ማጠብ ግድ ሲሆን ለብ ያለ ውኃና የፀጉር ሻምፖ ተጠቀሙ። በረኪና ፈጽሞ አይንካው፤ በረኪና የበግ ጠጉርን ያሟሟዋል። አትሹት፣ አትጠምዝዙት። ፎጣ ላይ ጠቅልላችሁ ተጭናችሁ ውኃውን አውጡ፣ ከዚያ ዘርግታችሁ አድርቁ። እሳት ዳር አታስጠጉት።

ሁለተኛው ጠላት ብል ነው። ብል የሚወደው ላብና ምግብ የነካውን፣ ጨለማ ውስጥ ሳይነካ የከረመ ሱፍ ነው። ስለዚህ አጽድታችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ አፉ በሚታሰር ከረጢት አስቀምጡት። በየሁለት ወሩ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አራግፉት፣ በተለይ አንገት ሥርና ኪስ ውስጥ በብሩሽ ጥረጉት።

ከባናው ሲቆረጥ የተረፈውን ቁራጭ ልብስ ሰፊው ጋ ትታችሁ አትምጡ። ክርኑ ሲሳሳ ከራሱ ጨርቅ ትለጥፉበታላችሁ፣ ክሩንም ከዚያው ትመዛላችሁ። የኔው ካፖርት ግራ ክርኑ ላይ እንደዚያ ያለ ልጣፍ አለው፤ ከሁለት ክረምት በኋላ የቱ ልጣፍ የቱ ካፖርት እንደሆነ ለመለየት መብራት ያስፈልጋል።